ካፒቴኑ ባርኔጣውን ሲያወልቅ

«ፊልሙ ካፒቴን የሚባል ሰው የለበትም» አለች ሰምሃር።

ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ቀና አሉ። ኀዘንተኛ ናት። ትናንት የተቀበረው ሚናስ አጎቷ ቢሆንም ያሳደጋት እሱ ነው፤ እንዲህ ባለ ቀን ማንም ሊሟገታት አይፈልግም። ከሚናስ ሱቅ ጎን ወርቅ ሲሠሩ ያረጁት ጋሽ አብዱልመሊክም ጠብ ፈልገው አልነበረም የተናገሩት። ሁሉም ሚናስ የመረጠለትን ፊልም እያነሳ ሲያወራ እሳቸውም የራሳቸውን አነሱ። ጥቁርና ነጭ የጣልያን ፊልም ነው። አንዲት ልብስ አጣቢ ለሕክምና በመርከብ ትሄዳለች፤ ትንሿ ልጇ ወደቡ ላይ ትጠብቃታለች።

«ካፒቴኑ ባርኔጣውን ሲያወልቅ» አሉ፣ «ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ነው ቤቴ የገባሁት።»

«መርከቧ ትመጣለች፣ ልጅቷ ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች፣ አለቀ። በቃሌ ነው የማውቀው። ከሌላ ፊልም ጋር አምታተውት ነው፣ ጋሽ አብዱልመሊክ።»

«ይሆናል፣ ልጄ» አሉና ካርታቸውን ዘረጉ።

ያበሳጫት እሺ ማለታቸው ነው። ቢከራከሯት ትረታቸው ነበር። አዘኑላት፤ ሰምሃር ደግሞ ከሚያዝንላት ሰው የሚሰድባትን ትመርጣለች።

ሚናስ ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ፊልም መጫኛ ነበረው። ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ሚናስ የፊልም ስም አይጠይቅም። «እንዴት ከረምክ?» ይላል፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይሰማል። ከዚያ የሚመርጠው እሱ ነው። ባሏ ጥሏት ለሄደች የካውቦይ ይጭናል፤ «ለጊዜው እንቅልፍ የሚሰጥሽ ተኩስ ነው» እያለ። ማትሪክ ለወደቀ የድሮ የካራቴ፣ ተመትቶ የሚነሳ ሰው እንዲያይ። ለአዲስ ሙሽሮች አስፈሪ ፊልም፣ ሳይወዱ እንዲተቃቀፉ። ጡረታ ለወጣ የሦስት ሰዓት የህንድ፤ ጡረተኛ ምን ቸኮለ። አንዳንዱ የመረጠለትን አልወደደውም ብሎ ተመልሶ ይመጣል። «ፊልሙ አይደለም፤ ከእናትህ ጋር ነው የተጣላኸው» ይለዋል ሚናስ፣ ሌላም አይጭንለትም።

ሰምሃር ትምህርቷን ያቋረጠችው አስረኛ ክፍል ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ከሥር ከሚሮጠው ጽሑፍ ለቀመችው፤ ጣልያንኛውንም ለመሳደብ እስኪበቃት ድረስ። አሁን ቴሌግራም ላይ ሰው ምን ማየት እንዳለበት የምትመርጥበት ገጽ አላት። ተከታዮቿ ከምርጫዋ ይልቅ ምላሷን ነው የሚወዱት። ስለዚያ የጣልያን ፊልም የጻፈችው፣ ከሱ በላይ በደስታ የሚያልቅ ፊልም አይታ እንደማታውቅ ነበር። መጨረሻው አስለቀሰን ያሉ አንባቢዎች ሲመጡ፣ ሽንኩርት እየከተፉ ፊልም ማየት ልክ እንዳልሆነ መከረቻቸው።

ብዙ ነበሩ ያን የጻፉት። አሁን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ስታስበው፣ ለአንድ ፊልም ብዙ ሽንኩርት ነው።

ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ቴሌቪዥኑ በአንሶላ ተሸፍኗል። ፍራሽ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ሰፈሩ ያወራሉ፤ ማን የት ኮንዶሚኒየም እንደደረሰው፣ ከዚያ ድረስ ለለቅሶ ለመምጣት ስንት ታክሲ እንደተያዘ። ስታልፍ ዝም አሉ። ዓይኗ ደረቅ ስለሆነ ከትናንት ጀምሮ እንደሚንሾካሾኩ ታውቃለች። አጽናኙ ሁሉ የሚሄደው ወደ አክስቷ ወደ እትዬ ሙሉእመቤት ነው። እሳቸው እያነቡ ስለሚቀበሉት ሰው ምን እንደሚል አይቸገርም። ሰምሃር ጋ ሲደርስ ግን «በርቺ» ብሎ ያልፋል፣ እቃ እንደምትሸከም።

እትዬ ሙሉእመቤት ጓዳ ውስጥ ንፍሮ እያወጡ ለጎረቤቶቹ ትእዛዝ ይሰጡ ነበር። ቀበና የሚሄድ ሰው ካለ አፉን ይጠብቅ። የሚናስ እናት፣ የሰምሃር አያት እማማ አስካለ የሚኖሩት ቀበና፣ እትዬ ሙሉእመቤት ቤት ነው። ልባቸው ድንጋጤ እንደማይችል ሐኪሙ ተናግሯል። ስለዚህ ለሳቸው ሚናስ ለሥራ ናዝሬት ሄዷል፤ ስልኩም አይሠራም።

«እሁድ ሲቀርስ?» አለች ሰምሃር።

ሚናስ እሁድ ጠዋት ጠዋት እናቱ ዘንድ ሳይሄድ ቀርቶ አያውቅም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ፊልም ይተርክላቸዋል፤ ግማሹን በዚህ እሁድ፣ ግማሹን በሚቀጥለው።

«ለእሁድ ሌላ ነገር እንፈልጋለን» አሉ እትዬ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ሬሳ ነው የምታወጪብኝ።»

«ውሸት እየጋታችሁ ከምታኖሯቸው ይሻላል።»

ጎረቤቶቹ ወደ ድስቱ አቀረቀሩ። ሰምሃር ውሸት ስትል የምን ውሸት እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እናቷ፣ የሚናስ እህት፣ ለሕክምና ውጭ አገር ሄዳለች ተብላ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ጠበቀች። አንድ ቀን ሚናስ አትክልት ተራ ይዟት ሄደ። ብርቱካን ሻጯ ለምርቃት የማይሰጠውን ትልቁን መርጣ እጇ ላይ አኖረችላትና ለጎረቤቷ፣ «እናቷ የሞተችባት እኮ ናት» አለች። ሰምሃር ብርቱካኗን መልሳ ክምሩ ላይ አስቀመጠች። ቤት ደረሱ። ደጃፉ ላይ ሚናስን ቀና ብላ አይታ፣ «አንተም ውሸታም ነህ» አለችው። እሱም መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ከእንግዲህ እንደማይዋሻት ማለላት።

መሐላውን ጠበቀላት። ሱቁ ሲከስር ከሰርኩ አላት፤ ትምህርት ስታቋርጥ ተሳስተሻል አላት፤ ያፈቀረችውን ልጅ አይሆንሽም አላት፣ አልሆናትም። ሰው ሁሉ ሲዋሽ የማይዋሽ አንድ ሰው ነበራት።

«እትዬ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የመርከቧ ፊልም ካፒቴን አለው እንዴ?»

አክስቷ ጭልፋውን አስቀመጡ። መልስ ባይሰጧት እንኳ ይገባት ነበር።

ሚናስ መጨረሻውን ቆርጦት ነው። ያን ብቻም አይደለም፤ እናት የምትሞትበትን ሁሉ። ሱቁን ዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ ነበር አሉ እትዬ፣ መጨረሻው ድንገት እንዳይቋረጥባት ከሌላ ቦታ ሙዚቃ እያመጣ ይቀጥልበታል። እሳቸው አንዴ ደርሰው ምን እንደሚሠራ ጠይቀውታል። «ይቺ ልጅ አንዴ ወደብ ላይ ቀርታለች፤ ሁለተኛ አላስቀራትም» ብሏቸዋል። ትልቅ ስትሆን ሊነግራት ነበር። ትልቅ ሆነች። ምላሷም አብሮ አደገ፣ እሱም ፈራት።

ሰምሃር አልጮኸችም። ጩኸቷን የምታደርስበት ሰው ትናንት ተቀብሯል። የሚዋሽን ሰው ፊት ለፊት ቆመህ ውሸታም ብትለው፣ እሱም ቢያፍር፣ ነገሩ ያልቃል። ይሄ አያልቅም። ማታለሉ ብቻም አልነበረም የሚያንገበግባት። ከሁሉ የበረታች አድርጎ የሚያያት ይመስላት ነበር፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ያቺን ብርቱካን የያዘች ልጅ ነበር የሚያየው። ደግሞ ይሄን ለማን ትነግረዋለች? እንዲህ ያለውን የምትነግረው ለሱ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰልስቱ ወጥቶ ሰዉ ሲሳሳ፣ ጋሽ አብዱልመሊክን የእድሩ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። አጠገባቸው ተቀመጠች። ይቅርታ መጠየቅ አታውቅም፤ ጉሮሮዋን ብቻ ጠረገች።

«ማን ማን እንደወረደ ይንገሩኝ» አለች።

ሽማግሌው አልጠየቋትም። ወታደሮች ወረዱ አሉ፤ ቀጥሎ ዶሮ የተሸከመች ሴትዮ። ሰዉ አለቀ፣ መሰላሉ ባዶውን ቀረ፤ ልጅቷ ግን አሁንም ወደ ላይ ታያለች። በመጨረሻ ካፒቴኑ ወረደ፣ ፊቷ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ምንም አይናገርም። ይኸው ነው።

«ለምን ለእርስዎ ሳይቆርጥ ሰጠዎት?»

«ሚስቴ ፈትለወርቅ ስትሞት አላለቀስኩም ነበር» አሉ። «ለቅሶው አለቀ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ እኔ ወርቅ እያቀለጥኩ ነው። ሚናስ ገብቶ አየኝና ፍላሽህን አምጣ አለኝ። ለሁሉም አንድ መድኃኒት አይሰጥማ፣ ልጄ።»

እሁድ ጠዋት ማንንም ሳታስፈቅድ ወጣች። ወርቅ ቤቶቹ ተዘግተዋል። አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይመጣሉ፤ እሷ ብቻዋን በተቃራኒው። በአራት ኪሎ አድርጋ ወደ ቀበና ስትወርድ የያዘችው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ ሚናስ አረፈ። በየመብራቱ ደገመችው። ሙዚቃ የለው፣ መቁረጥ የለው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ነገርን እስከ መጨረሻው መናገር አለበት፤ ቢቻል እሱም ቢሰማት ደስ ይላት ነበር፣ እንዲያፍር።

ሠራተኛዋ በሩን ከፈተችላት። እማማ አስካለ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል።

«ሚናስ?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ሰምሃር።»

«እሱስ?»

ሁለቱ ቃላት አፏ ላይ ደርሰው ቆሙ። የአሮጊቷ አንገት ላይ አንዲት የደም ሥር ትርገበገባለች፤ ሰምሃር ዓይኗን ከዚያ ላይ ማንሳት አልቻለችም።

እማማ አስካለ ዝምታውን ትንሽ አዳመጡት። «ናዝሬት ነው አሉኝ» አሉ። «ይሁን። ባለፈው እሁድ መርከቧ መጣች ብሎኝ ነው የሄደው። ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ ያቆምና በሚቀጥለው ሌላ ፊልም ይጀምርብኛል። ዘንድሮ ግን አስምዬዋለሁ፣ ይጨርስልኛል። አንቺ ታውቂው እንደሆን፣ ማን ወረደ?»

ለናቱም አልጨረሰላቸውም። ሰምሃር ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቆርጦ ያስቀረው ለሷ ብቻ መስሏት ነበር። እህቱን የቀበረው ሰውዬ ያን ካፒቴን ራሱ በአፉ ማውረድ አልቻለም።

«መጀመሪያ ወታደሮች ወረዱ» አለች።

«እሺ።»

«ዶሮ የተሸከመች ሴትዮ።»

«ዶሮ በመርከብ?»

«ጣልያን ናቸዋ፣ እማማ።»

አሮጊቷ በአፍንጫቸው ሳቁ። ሰምሃር ቀጠለች። ሁለት መነኮሳት ወረዱ። ሙሽሮች ወረዱ፣ ሙሽራዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ጥርስ የሌለው ቫዮሊን ተጫዋች። መንታ የታቀፈች ሞግዚት። እነዚህን ሰዎች ጋሽ አብዱልመሊክ አልነገሯትም፤ ከየት እንደምታመጣቸው እሷም አታውቅም። መርከቧ ባዶ እንዳትሆን ብቻ ሰው ታወርዳለች፣ አንድ ሰው፣ ደግሞ አንድ ሰው። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ሚናስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ያደርገው የነበረው ይሄንን ነው። ውሸት ይመስላት የነበረው ነገር ከውስጡ ሆነው ሲያዩት እጅ የሚያንቀጠቅጥ ሥራ ነበር።

«በይ ይበቃል» አሉ እማማ አስካለ በለሆሳስ። «መርከብ ናት እንጂ አውቶብስ ተራ አይደለችም። እናቲቱስ?»

«ካፒቴኑ መጣ» አለች ሰምሃር። «ልጅቷ ፊት ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ።»

ውጭ ቆራሌው እየጮኸ በአጥሩ ሥር አለፈ፤ ድምፁ ራቀ።

«አልወረደችም» አሉ እማማ።

«አልወረደችም።»

ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። እማማ አስካለ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ከሰምሃር ላይ አላነሱም።

«ሚናስስ?»

እጃቸውን ያዘች። «ሚናስም አልወረደም፣ እማማ።»

አሮጊቷ አልጮሁም። ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ፤ ሰምሃር ትንፋሹ ተመልሶ እስኪወጣ ድረስ የራሷን ያዘች። ወጣ። ከዚያ እጃቸውን ከእጇ ውስጥ ቀስ ብለው አወጡ። ጣቶቻቸው ትከሻቸው ላይ የተጣለውን ነጠላ እየዳበሱ ጫፉን ይዘው ወረዱ፣ ጥለቱን እስኪያገኙት። ነጠላውን ገለበጡት፤ ጥለቱን እንደ ኀዘንተኛ ወደ አንገታቸው አወጡት። እጃቸው ግን አላረፈም፤ አየሩን እየዳበሰ የሰምሃርን ትከሻ ፈለገ። የሷም ነጠላ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነበር፤ በአንድ ወገን ተንሸራቷል። ከሐሙስ ጀምሮ እንዲሁ ተንሸራቶ ነው የዋለው፤ ማንም አላየላትም።

እማማ አስካለ ጫፉን ስበው አስተካከሉላት።