ለጊዜው የሞተው ጋሩማ

በጉቶ ጊዳ ወረዳ የጋሩማን ያህል ሁሉ የሞላለት ገበሬ አልነበረም። ሰፊ መሬት፣ ጥማድ በሬ፣ የባንክ ደብተር፣ የማይዘጋ ስልክ፣ በሰዓቱ የታደሰ መታወቂያ፣ በተጠየቀች ቁጥር «እስማማለሁ» የምትል ሚስት፣ ሁሉም አለው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ አልተወለደም።

ጋሩማ የሚኖረው ነቀምቴ መሀል ካለ ፎቅ ላይ፣ እነ ፀደይ በሚሠሩበት ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለገበሬዎች ማኅበራት የማዳበሪያ ማከፋፈያ ሲስተም ይሠራል። ሲስተሙን የሚፈትሹት ደግሞ ማንም አንብቦ እንዲገባው ሆነው በአማርኛ በተጻፉ አጫጭር ታሪኮች ነው። «እንዲህ ያለ ገበሬ አለ» ተብሎ ይጀመራል፤ «ማዳበሪያ ሲጠይቅ» ይባላል፤ «ፈቃድ ያገኛል» ተብሎ ያልቃል። ኮምፒውተሩ ታሪኩን እየተከተለ ሲስተሙን ይሞክረዋል። ታሪኩ እንደተጻፈው ከሆነ አረንጓዴ ይበራል፤ ካልሆነ ቀይ ይበራል።

አለቃቸው አሻግሬ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሲያይ ጨጓራው የሚነሳበት ሰው ነው። «ለምን ሁሉም የየራሱን ገበሬ ይፈጥራል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! አንድ የጋራ መነሻ ይበቃናል» አለና ጋሩማን ፈጠረ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ሁሉ በጋሩማ እንዲጀምር ታዘዘ። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የከፋው፣ እያንዳንዱ የሚፈልገውን እዚያችው መነሻ ላይ መጨመሩ ነው። ዋጋሪ የመሬቱን ክፍል ይሠራ ነበርና መሬት ሰጠው፤ ፉአድ የክፍያውን ክፍል ይሠራልና የባንክ ደብተር አወጣለት፤ ሚስቱን ማን እንደዳረው እስከ ዛሬ አይታወቅም። የሚሰጠው እንጂ የሚወስድበት ስላልነበረ ጋሩማ በለጸገ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ፀደይ የሲስተሙ ፈታሽ ነበረች። አባቷ ከጉራጌ መጥቶ ነቀምቴ ሱቅ የከፈተ፣ እሷ እዚያው የተወለደች፣ ኦሮምኛና አማርኛ የትኛው እንደቀደማት የማታውቅ ልጅ ናት። የምትሠራው በኮንትራት ነው። ሲስተሙ ከበላይ በሚመጡ እንግዶች ፊት ታይቶ ካለፈ ቋሚ እንደምትሆን አሻግሬ ቃል ገብቶላታል፤ እሷም ሌት ተቀን የምታስበው ይህንኑ ነበር። አንድ ቀን «መታወቂያ የሌለው ገበሬ ቢመጣ ወዴት እንደሚሄድ ይነገረዋል» የሚል ታሪክ ጻፈች። ጋሩማ ግን ገና ከመነሻው መታወቂያውን ይዞ ከች አለባት።

«ጋሼ አሻግሬ፣ ምንም የሌለው ሌላ ገበሬ ብፈጥርስ?»

«ጋሩማ እያለልን? ድሃ ምን ያደርግልናል?» አለና ታሪኩን አስጠፋት። ዝም አይነቅዝም ብላ አጠፋችው።

ቀጥሎ ለዋጋሪ የውርስ ክፍል ደረሰው። ውርስ ያለ ሞት የለም፤ ለብቻው የሚሞት ገበሬ መፍጠር ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ የጋራው መነሻ ላይ «ጋሩማ ሞቷል» ብሎ ጻፈና ምሳውን ሊበላ ወጣ።

ሲመለስ ቢሮው ለቅሶ ቤት ሆኖ ቆየው። አንድም አረንጓዴ አልተረፈም። ሟቹ ማዳበሪያ እየጠየቀ ነው፤ ሟቹ ስልክ አላነሳም፤ ሚስቱ የምትስማማለት ባል አጥታለች።

«ጋሩማን ማን ገደለው?» ብሎ ጮኸ አሻግሬ።

«ኦቦ አሻግሬ፣ ውርሱ ታዲያ ከየት ይምጣ?» አለ ዋጋሪ።

«ለኔ ሳይከፍል ነው እኮ የሞተው!» አለ ፉአድ፤ ከልቡ አዝኖ ነበር።

እንደ አገሩ ወግ ለሽምግልና ተቀመጡ። አሻግሬ «ለዋጋሪ ይሙትና ለሌሎቻችን ይነሣ» ቢል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዘማሪ የሆነው ዋጋሪ «ሙት ማስነሣት ባለቤት አለው፤ እኔ የለሁበትም» አለ። ፉአድም በዚህ ከዋጋሪ ጋር ነኝ አለ። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ጋሩማ «ለጊዜው የሞተ» እንዲሆን ታረቁ። ሲስተሙ እንዲህ ያለ ሞት ስለማያውቅ ሲስተሙን አሳወቁት፤ ሟች በተመዘገበ ቁጥር «የሚመለስበት ቀን» የሚል ባዶ ቦታ እንዲመጣ፣ እሱም ካልተሞላ እንዳያሳልፍ አደረጉ። ለጋሩማ ቀኑ ተሞላለትና ሁሉም መልሶ አረንጓዴ ሆነ። ፀደይ ስህተቱን አይታዋለች፤ ግን እንግዶቹ የሚመጡት በማግስቱ ነበርና «ተፈትሿል» ብላ ፈረመች።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ፀደይ ከፊት ተቀምጣ ትጽፋለች፤ የምትጽፈው ግድግዳው ላይ ይታያል። ጋሩማ ማዳበሪያ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ ተጨበጨበለት። አሻግሬ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ደርሶ ሳለ ዋናው እንግዳ «እስኪ ደግሞ የእውነት ገበሬ እንይ» አሉ። ከዲጋ ወረዳ የተጋበዙ አንዲት እናት፣ አዴ አሰፋች፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ፊት መጡ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ አሰፋች?» አለች ፀደይ።

«ፈያ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መሬቱ በማን ስም ነው?»

«በባለቤቴ። አርፏል።»

ፀደይ «ሞቷል» ብላ መዘገበች። ግድግዳው ላይ በትልቁ «የሚመለስበት ቀን» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

አሻግሬ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ «አንድ ቀን ሙይና እለፊ! ከፋሲካ በኋላ በዪው!» አላት በሹክሹክታ። ቀላል ነገር ነበር፤ የትኛውንም ቀን ብትጽፍ ሲስተሙ ያልፋል፣ እሷም ቋሚ ትሆናለች።

«ምን ይላል ልጄ? እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ አዴ አሰፋች።

ፀደይ መዋሸት ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ባለቤትዎ የሚመለሱበትን ቀን ይጠይቃል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዴ አሰፋች አልሳቁም።

«ቀኑን እናንተ ካወቃችሁ ንገሩኝ» አሉ። «ቤቱ ያፈሳል፤ አስከድኜ ልጠብቀው።»

ሳቁ ተቋረጠ። ፀደይ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ የሷ እጅ ሥራ መሰላት። እጇን አነሳችና «ሲስተሙ አይሠራም። የፈተሽኩትም እኔ ነኝ» አለች። አሻግሬ ተሽቀዳድሞ «ኔትወርክ ነው፤ ክቡራን እንግዶች፣ ኔትወርክ ነው!» እያለ ሁሉንም ወደ ምሳው ነዳቸው። ምሳው ጥሩ ስለነበር ብዙ ጥያቄ አልተነሳም።

ፀደይ በሚቀጥለው ቀን ማንንም ሳታስፈቅድ አዲስ ታሪክ ጻፈች። «አሰፋች የምትባል ገበሬ አለች። ባሏ ሞቷል። ስልክ የላትም» ብላ ጀመረች። ያንን ባዶ ቦታም ከሲስተሙ አስነቀለችው። አሻግሬ ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ አጨበጨበ።

«ይኸማ ድንቅ ነው! ዋናው እንግዳም ሴትዮዋን ወደዋታል። ጋሩማ ይቅር፤ ከእንግዲህ ሁሉም በአሰፋች ይጀምር!»

ከሰዓት በኋላ ፀደይ ከአባቷ ሱቅ ስትመለስ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃት። አሻግሬ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ያወራል። «አዎን፣ አረንጓዴ ነው። የልጅቷንም ቋሚነት ዛሬ እንጨርሳለን» አለና አውራ ጣቱን አሳያት። ከልማድ ብቻ መነሻውን ከፍታ አነበበች። ዋጋሪ ለአሰፋች መሬት ሰጥቷታል። ፉአድ የባንክ ደብተር አውጥቶላታል። ስልክም ተገዝቶላታል። ከታች ደግሞ የትዳር ጓደኛ ስምምነት የቸገረው አንዱ «ባሏ በሕይወት አለ» ብሎ ጨምሯል።

ፀደይ ያቺን መስመር ሰረዘቻት። ታሪኮቹ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ቀሉ።

አሻግሬ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ምን አደረግሽ? ቋሚነትሽ እኮ ነው! በይ ባሏን መልሺው!»

«አይመለስም፣ ጋሼ አሻግሬ» አለችው። «ሞቷል።»