ቢጫው ዱካ

ጤና ተቆጣጣሪዋ የምግብ ቤቱ ማድ ቤት ወለል ላይ ቢጫ የእግር ዱካ ቀብታ ስትጨርስ የሥጋ ቆራጩ ደም ፈላ። ዱካው ከሥጋ መክተፊያው ተነስቶ ወደ እጅ መታጠቢያው ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሰላጣው ጠረጴዛ።

«ቅጣት አይደለም» አለች ልጅቷ። «ሰው ዱካ ሲያይ እግሩ ራሱ ይከተላል። ጥሬ ሥጋ ነክተው ሰላጣ ከመንካትዎ በፊት እንዲታጠቡ ያስታውስዎታል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ቢላ ስጨብጥ እናትሽ ራሷ አልተዳረችም። አሁን መራመድ ልታስተምሪኝ ነው?»

ምግብ ቤቱ የታናሽ እህቱ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚሁ ቤት ነው። ባለፈው ወር ዘጠኝ ደንበኞች ታመው ቤቱ ሁለት ሳምንት ታሽጎ ነበር፤ ከእንግዲህ አንድ ሰው ቢታመም ጭራሽ ይዘጋል።

«ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ እሺ ይበሉ» አለችው እህቱ። እሺ አለ፤ በአፉ ብቻ።

ደንበኞች ማድ ቤቱን ከመመገቢያው በሚለየው መስታወት በኩል እግሩን ማየት ለመዱ። እሱም አሳያቸው። ዱካውን እየረገጠ ይሄዳል፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቧንቧውን ይከፍታል፣ ጣቱን ሳያርስ ውሃውን ሲፈስ ያየዋል። ከዚያ ሥጋ የቆረጠበትን ያንኑ ቢላ በሽርጡ ጠርጎ ቲማቲም ይከትፋል። ውሃው ምን አደረገው? እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሞኝ ነው። ቤቱ ግን በሰው ሞላ። ካለፈው ወር ጀምሮ ሰላጣ የፈራችው እህቱ እንኳ ደፍራ ከእሱ እጅ መብላት ጀመረች።

በሦስተኛው ሳምንት በትኩሳትና በተቅማጥ ወደቀች። ሊጠይቃት ሲገባ ከንፈሯ ደርቋል።

«ያቺ ተቆጣጣሪ መጥታ ነበር» አለችው። «ከምግብ ቤታችሁ ይሆናል አለችኝ። ወንድሜ ሳይታጠብ ምንም አይነካም፣ ልጆቼን ይንሳኝ ብዬ ማልኩላት። ወተቱ ነው እንዲህ ያደረገኝ፣ የጎረቤታችን ወተት።»

እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከጓዳ የልጆቿ ሳቅ ይሰማል።

«ምን ሊሉ ነበር?»

«ያቺን ወተት ሻጭ የእጇን እሰጣታለሁ» አለ።

ወጥቶ የወተት ሻጯን በር በእርግጫ መታ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ እያየ መርዘኛ፣ ቆሻሻ፣ ነፍሰ ገዳይ እያለ ሰደባት። ሴትዮዋ ምን እንዳደረገች ደጋግማ ጠየቀችው። በጠየቀችው ቁጥር የባሰ ጮኸባት።