የዳንስ ቤቱ በር መደገፊያ

የዚያን ቤት ታሪክ ለተማሪዎችህ ልትጽፍ ነው አሉ። ጻፍ፣ ማን ከለከለህ። ግን ከባለቤቱ ከአላምረው አፍ ሰምተህ የምትጽፍ ከሆነ ወረቀቱን ባታበላሽ ይሻልሃል። እሱ የሚነግርህ የመብራት ሞተሩን ከየት እንዳመጣ፣ ከደሴ ምን ምን የሙዚቃ ሸክላ እንዳስጫነ ነው። እኔ ግን የዚያ ቤት ስም ሲነሳ ምራቄ ይመረኛል። ቁጭ በልና ከኔ ከጌጤ ስማ።

ቤቱን የሠራው ጣሊያን ነው፣ ለመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። ጣሊያን ከሄደ በኋላ ሐጂ ሰላሁዲን እጅ ገባ። እህል ነጋዴ ነበሩ፣ ማሽላ ያከማቹበት ነበር። ያን ጊዜ የእርቅ ሽማግሌዎች የሚቀመጡት ሜዳ ላይ ነው። የቆቦን ፀሐይ መቼም አንተም ቀምሰኸዋል። ሐጂ አንድ ቀን አዩና «ሽማግሌ በፀሐይ እየነደደ ማሽላዬ ጥላ ሥር አይተኛም» ብለው የፊቱን ክፍል ባዶ አድርገው ሰጡ። ከዚያ ወዲያ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከሮቢትም ከጎብዬም፣ ደም የተቃባ ሁሉ የሚታረቀው እዚያ ሆነ።

በሩ አጠገብ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ከተሸከመው አንገት ብዛት ለስልሷል። እንዴት መሰለህ፣ ገዳዩ ያንን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይገባና የሟች እናት ፊት ይንበረከካል። ከዚያ ይናገራል። የት እንደ ገደለው፣ እንዴት እንደ ወደቀ፣ የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደ ነበር፣ አንዲት ነገር ሳይደብቅ። እናት ሰምታ ስትጨርስ ድንጋዩን በገዛ እጇ ታወርድለታለች። ያኔ ደሙ ደረቀ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለቱ ወገን በአንድ ጣሪያ ሥር እህል ውሃ አይቀምሱም። ከቀመሱ እንደ ታረቁ ይቆጠራል፣ ነገሩ ያለ ንግግር ቀረ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ልጄን ምን አደረጋችሁት ብሎ ጠያቂ የለም።

የኔን ልጅ ውቤን አራጌ ገደለብኝ። በጎርፍ ተራ ነው የተጣሉት። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው ተራ ገብቶ ወደ ማሳው ይጠልፈው የለ? ተራው የውቤ ነበር። ሬሳውን በማግስቱ አመጡልኝ፣ እንዴት እንደ ሞተ ግን ያየ ሰው የለም። የሚያውቅ አራጌ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ዓመት ተመላለሱ። ለደሙ ካሳ ጉማ ይከፈልሽ አሉኝ፣ አልፈልግም አልኩ። ከብቱንም ብሩንም ለራሳችሁ፣ እኔ የምፈልገው ያን ሰው ድንጋዩን ተሸክሞ ሲናገር መስማት ነው አልኳቸው። አንድ ነገር ብሎ ይሆናል፣ ስሜን ጠርቶ ይሆናል እያልኩ ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ አራጌ እሺ አለ፣ ከፋሲካ በኋላ ተባለ።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሐጂ ሞተው ነበር። ልጆቻቸው መጋዘን ያደርገዋል ብለው ለአላምረው ሸጡለት። አላምረው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ አዲስ አበባ አይቶ የመጣ። ኤዲያ፣ ምን አይቶ እንደ መጣ ቆይቶ ገባን። ግድግዳውን ቀይ ቀባው። ሞተር አስገብቶ ቀይ አምፑል ሰቀለ። ደጃፉ ላይ «ናይት ክለብ» ብሎ ጻፈ፣ ሞተሩ ግን የሚጮኸው ከቀትር ጀምሮ ነው። ሐጂ ለሶላት ይታጠቡበት የነበረው ጓሮ የሾፌር ሽንት መሽኛ ሆነ። በዚያ ስታልፍ አፍንጫህን ይዘህ ነው። ሽማግሌዎቹም ወደ ሜዳቸው ተመለሱ። ድንጋዩንስ ምን አደረገው አትለኝም? በሩ በንፋስ እንዳይዘጋ መደገፊያ አደረገው።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በገበያ ቀን፣ ልጄን ፈንታውን አላምረው ጠራው። የውቤ ታናሽ ነው፣ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። «ና እስቲ ግራሞፎኑን ስማ፣ አንድ ቢራ በኔ» አለው። ፈንታው የዋህ ነው፣ ገባ። መሐል ላይ መጋረጃ ተጋርዷል። ቢራውን አንድ ጊዜ ተጎነጨ። መጋረጃው ተገለጠ። አራጌ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል፣ ወንድሞቹ በቀኝ በግራ፣ ሁለት ምስክር ከጎናቸው። «በአንድ ጣሪያ ሥር ቀመስን፣ እዩልኝ» አለ አራጌ። ተነጋግረው ነው ያደረጉት። ለአንድ ጉንጭ ቢራ የሞተ ልጄን ሸጡት።

አያ አለሙ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ታላቅ ናቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ዓይኔን ማየት አቃታቸው። «ተንኮል መሆኑን አጥቼው አይደለም ጌጤ። ግን ሥርዓቱን ለአንቺ ብዬ ከሰበርኩት ነገ ማን ይሰማኛል? ቀምሰዋል፣ ቀርቷል» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። አይ፣ ልዋሽህ አልፈልግም፣ እፈርድባቸዋለሁ። ፈንታውም ከዚያ ወዲያ እኔ ያለሁበት እህል አልወርድለት አለ። አንድ ጧት ለአጨዳ ብሎ ሁመራ ወረደ፣ ይኸው እንደ ወጣ ቀረ።

እኔ ፋሲካን ጠበቅሁ። ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ በመጀመሪያው ገበያ ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ ወደዚያ ቤት ሄድኩ። አራጌ ገበያ ውሎ እዚያ እንደሚገባ ሰምቻለሁ። ሙዚቃው ከመንገድ ይሰማል። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን አነሳሁና ማጅራቴ ላይ አደረግሁት። እሱ ካልተሸከመው እኔ ልሸከምለት፣ አፉ እንዲከፈት ብቻ። የያዘኝ ይኼ ነበር።

ስገባ የቢራውና የትውከቱ ሽታ ፊቴን መታኝ። ወለሉ ይጣበቃል። ሽማግሌ ጫማውን አውልቆ ይገባበት የነበረ ወለል ነው እኮ። ድንጋዩ ከብዶኝ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ሰካራም አየኝና «እሰይ የኔ እናት፣ ድንጋይ ተሸክማ እስክስታ!» አለ። ያጨበጭቡ ጀመር። ክብ ሠሩልኝ። ሴቶቹም፣ እንግዳ ሾፌሮቹም፣ የሰፈሬም ሰው ያጨበጭባል። ከመሐላቸው አንዱ ሽልማት ይገባታል ብሎ እየተንገዳገደ መጣ። ብሩን በምራቁ አርሶ ግንባሬ ላይ ለጠፈው። ቀና ስል አራጌ ነው።

እሱም ያኔ ነው ማን መሆኔን ያወቀው። እጁ ግንባሬ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ያንተን ነው የተሸከምኩልህ፤ ተናገር» አልኩት።

ይሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። አፉን ከፈተ፣ መጠጡም ይሁን ሌላ እንጃ። ጭብጨባው አልቆመም፣ ድምፁን ለመስማት ተጠግቼ ጆሮዬን ወደ አፉ አዞርኩ።

«ውሃ ለመነኝ» አለ። «ሌላ ነገር አላለም። ውሃ ስጠኝ፣ ውሃ ስጠኝ አለኝ። ጎርፉ እግሬ ሥር ነበር የሚሄደው። ጥዬው ሄድኩ።»

ሸክላው አለቀ። አንዱ ከኋላ «ገልብጡት እንጂ!» ብሎ ጮኸ፣ ገለበጡት። ድንጋዩን የሚያወርድልኝ ሰው አልነበረም፣ ራሴ ወለሉ ላይ ጣልኩት። አላምረው ሲሚንቶዬን ሰነጠቅሽው ብሎ ተቆጣ፣ በእግሩ እየገፋ ወደ በሩ መለሰው። ዛሬም እዚያው ነው፣ ሄደህ እየው።

እንግዲህ ስትጽፍ ይህንንም ጻፍ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን የልጄን ቃል የሰማሁት እዚያ ቤት ነው፣ የአራጌ ምራቅ ግንባሬ ላይ ሳይደርቅ።