ጥላው የከሪማ፣ እግሩ የጣይባ

"ቁሚ! ሦስተኛውን እንዳታሳርፊ!"

ከሪማ ከቦዩ ማዶ አካፋዋን መሬት ላይ ተክላ ጮኸች። ጣይባ አንድ እግሯን እንዳነሣች ቀረች። ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ፣ ተረከዟን ከአውራ ጣቷ እያጋጠመች የራሷን ጥላ ስትለካ ነበር።

"ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?"

"ውሃዬን ልትዘጊብኝ ነዋ! ፀሐይዋ ገና እዚያ ቆማ ሦስት ጫማ ሆነ ልትይኝ ነው?"

ቦይ ሲጠርጉ የነበሩት ሰዎች ዶማቸውን አሳርፈው ቀና አሉ። የጣውንት ጠብ ማየት ቦይ ከመጥረግ ይሻላል፤ ቢያንስ ወገብ አያሳምምም።

ከሐርቡ ወጣ ብሎ ያለውን ይህን ቦይ የቆፈረው ራሱ የገበሬ ማኅበሩ ነው። በድርቁ ማግስት፣ በእርዳታ ስንዴና ዘይት፣ ወንድ ሴት ሳይባል ሁሉም አፈር ዝቆበታል። ውሃውም የሁሉም ነው ተብሎ ለስምንት አባወራዎች በስምንት ቀን አንድ አንድ ቀን ተደለደለ። በቀበሌው የእጅ ሰዓት ያለው ሊቀመንበሩ ጀማሉዲን ብቻ ነው፤ ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ኮምቦልቻ ስብሰባ ላይ ይውላል። ስለዚህ ተራ የሚለየው እንደ ድሮው በጥላ ነው። የውሃ አባት የተባለው ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይደረጋል፤ ከዚያ ከቆመበት እስከ ጠጠሩ በገዛ እግሩ ይቆጥራል።

የውሃ አባቱ ሙሄዲን፣ የሁለቱም ሴቶች ባል ነው። የእሱ ቤት ተራ በሚደርስበት ቀን፣ ከንጋት ጀምሮ ጥላ አጥሮ አጥሮ ሦስት ጫማ እስኪሆን ድረስ ውሃው የትልቋ ሚስቱ የከሪማ ነው። ከዚያ ቀትሩን አልፎ ጥላ መልሶ አሥር ጫማ እስኪረዝም የትንሿ የጣይባ ነው። የቀረችው የማታ ቁራጭ ከግርጌ ላለው ለጎረቤታቸው ለማረው ትለቀቃለች። ሙሄዲን ሲለካ ማንም ተከራክሮ አያውቅም።

አሁን ግን ሙሄዲን ሳንባውን ታሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከተኛ ሁለት ወሩ ነው። የውሃ ኮሚቴው እሱ እስኪመለስ ተተኪ እንምረጥ ያለ ዕለት፣ ከሪማ ሻሿን አስተካክላ ፊት ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጎኑ ቆማ ጠጠሩን ስታስቀምጥለት የኖረችው እሷ ናት፤ ማን ሊመረጥ? የተጠራው ስም ግን የጣይባ ሆነ። መሠረተ ትምህርት ጨርሳለች፤ ተራ መመዝገብ ትችላለች ተባለ። ከሪማ ያን ዕለት ያጨበጨበችው ሰው ሁሉ ስላጨበጨበ ነው።

ባሏን ተካፍላለች፤ እሺ። በሸሪዓው የተፈቀደ ነው፤ ምን ይባላል? ነገር ግን ከቦሩ ሜዳ ደብዳቤ ሲመጣ እንኳ የምታነብላት ይህችው የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። "ለከሪማ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ደኅና ነኝ" ብላ ስታነብ፣ ከሪማ ዓይኗን ከወረቀቱ አትነቅልም። ይህን ያህል መስመር ተጽፎ ለኔ የደረሰኝ ይህቺ ብቻ ናት? የቀረውን በሆዷ ነው የምታነበው ማለት ነው? እያለች ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። ውሃ መለካቱ ሲጨመርበት ባሰባት።

ጀማሉዲን ሱሪውን እንደጠቀለለ ከቦዩ ወጣ።

"ምንድን ነው ጩኸቱ? ልማት ላይ ነን እኮ!"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ቁመቷን እይልኝ! ይቺን ታክል ቁመት፤ ጥላዋም ይቺኑ ታክላለች። ገና ሳይረፍድ ሦስት ጫማ ትሆናለች። የኔ በቆሎ በዚህ ይለካ?"

"ወላሂ በሙሄዲን ልክ ነው የለካሁት" አለች ጣይባ። "አጭር ሰው ጥላውም አጭር ነው፣ እግሩም ትንሽ ነው። ሰው በገዛ ጥላው በገዛ እግሩ ከለካ..."

"ዝም በሉ ሁለታችሁም!" አለ ጀማሉዲን። "ስሙኝ። ይህ አንድ ጠብ ነው። ሁለተኛ ከሰማሁ፣ የሙሄዲን ቀን ይነሣና ለሰባቱ ይከፋፈላል። ኮሚቴው የጣውንት ሽማግሌ አይደለም።"

ከሪማ ድምፅዋን አለሳለሰች። ነገሩን ከሳምንት በፊት ነው አስባ የጨረሰችው።

"እኔ መች ጠብ ፈለግሁ? ለሁለታችንም የሚሆን መላ አለኝ። በኛ ቀን ጥላው የኔ ይሁን፤ እግሩ የሷ ይሁን። እኔ እቆማለሁ፣ እሷ ትቆጥራለች። እኩል ሆንን ማለት አይደል?"

ሰዉ ተያየ። እውነትም እኩል ይመስላል። ከሁሉ ቀድሞ የደገፈው ማረው ነው።

"ፍትሕ ማለት ይሄ ነው! ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?"

ማረው ሒሳብ አይጠፋበትም። ከሪማ መለሎ ናት፤ ጥላዋ ረጅም ነው። የጣይባ እግር ደግሞ የልጅ እግር ያህላል። ረጅም ጥላ በትንሽ እግር ሲለካ ቁጥሩ ይበዛል። ጠዋት ላይ ጥላው ሦስት ጫማ እስኪሆን በጣም ይዘገያል፤ ይህ ለከሪማ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቶሎ አሥር ይሞላል፤ ይህ ለማረው ነው። ከሁለቱም ጫፍ የምትቆረጠው ጣይባ ብቻ ናት። ጀማሉዲን ግን ስብሰባ ነበረበት፤ ሰዓቱን አየና "በዚህ ይጽና" ብሎ ሄደ። ጣይባ ኮንጎ ጫማዋን አደረገች።

በሚቀጥለው ተራቸው የከሪማ በቆሎ እስከ ዳር ድረስ ጠጣ፤ ተርፎም መንገድ ላይ ፈሰሰ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በልጉ ቀርቶ ነበር፤ የወንዙ ውሃም ቀጥኗል። ከሪማ በቆሎዬን ልይ ብላ በጣይባ ሽንኩርት ዳር ታልፋለች። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ የታችኞቹ መደቦች ተሰነጣጥቀዋል። ደስ አላት። አልሐምዱሊላህ ልትል አለችና አፍራ ተወችው።

ደስታዋ ግን አልበረከተም። አንድ ቀን ከሰዓት ጣይባን ከወንዙ ስትወጣ አየቻት። ልጇን አዝላ፣ በጀሪካን ውሃ ተሸክማ፣ በጣሳ እየቀዳች ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ታጠጣለች። በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው "አይ ጣይባ! ምን ዓይነት ጎበዝ ናት!" አሉ። ከሪማ ሰማች። እስከ ዳር ጠጥቶ የቆመውን የራሷን በቆሎ አይቶ ጎበዝ ያላት የለም። ውሃውን ወስዳ እንኳ ምስጋናው ለዚያችው ሆነ። በዚህም ቀናች።

ሦስተኛው ተራ ሲደርስ ጣይባ ማልዳ መጣችና ከቦዩ ዳር ተቀመጠች። ሌላ ሰው አልነበረም። ከሪማ ውሃዋን ከመደብ ወደ መደብ መራች፤ ከዚያ አላስቻላትም።

"ሽንኩርትሽ ደረቀ አሉ።"

"እኩሌታው ሄዷል፣ እትዬ። የቀረው ከዳነ ኮምቦልቻ አውጥቼ ለሙሄዲን ስንቅ እገዛበታለሁ።"

"ታዲያ ለጀማሉዲን አትነግሪውም?"

"ምን ብዬ?"

"ልኩ ጎዳኝ ብለሽ ነዋ!"

ጣይባ ቀና ብላ አየቻት። "እኔ እኮ ያኑ ዕለት ነው ያወቅሁት። ቤት ገብቼ በእርሳስ ሠራሁት። የርስዎ ጥላ በኔ እግር ሲቆጠር ከጠዋቱም ከማታውም የሚሄደው የኔው ነው።"

ከሪማ አካፋዋን መሬት ላይ ተከለች። "አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"ብናገር ሁለተኛ ጠብ ይባልና ቀኑ ይነሣል። የሱ ቀን ከሚጠፋ የኔ ሽንኩርት ይጥፋ ብዬ ነው። ያስቡት እስቲ፤ የውሃ አባት ከሆስፒታል ወጥቶ ሲመጣ የራሱ ቤት ውሃ የለውም ቢባል? በሽታው ነው የሚብስበት።"

ከሪማ ያሰበችው በቆሎዋን ነው። የጣይባን ሽንኩርት ነው። ጣይባን ነው። ሙሄዲንን በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችውም። ሃያ ዓመት የኖረችው እሷ፣ ያሰበችለት ይህቺ! በሕይወቷ እንደዚያ ቀንታ አታውቅም። በጣይባ ወጣትነት ቀንታ ነበር፣ በንባቧ ቀንታ ነበር፤ እነዚያ ሁሉ ቀላል ነበሩ። ለሱ ማሰብን ግን ለጣይባ ብቻዋን ልትተውላት አልቻለችም።

"ተነሺ፣ ለኪ" አለቻት።

"ገና ነው እኮ።"

"ለኪ ብዬሻለሁ!"

ከሪማ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ቆመች። ሰፊው ቀሚሷ መሬት ይነካል፤ ከሥሩ ያለውን ማንም አያይም። ጉልበቷን አጠፍ አደረገች፤ ጥላዋም አጠረ። ጣይባ በጥላው ጫፍ ጠጠር አስቀምጣ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠጠሩ ላይ ደረሰች። ግራ ገብቷት ጠጠሩን አየች፤ ከሪማን አየች።

"እትዬ፣ ልድገመው እንዴ?"

"ሦስት አላልሽም? ሂጂ ውሃሽን ክፈቺ።"

ከሰዓት በኋላ ማረው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞ ተገኘ። ሦስት አራት ሰዎችም ከቦይ ጠረጋ ሲመለሱ ቆመው ያያሉ፤ ጀማሉዲንም አብሯቸው ነበር። ከሪማ እንደ ጠዋቱ ጉልበቷን አጥፋ ቆመች። ጣይባ ቆጠረች።

"ስምንት ጫማ ከምናምን።"

"ምን?" አለ ማረው። "ባለፈው በዚህ ሰዓት አሥር ሞልቶ ውሃው እኔ ጋ ደርሶ ነበር እኮ!" ከሪማን ከላይ እስከ ታች አያት። "ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንጂ! አንቺ እኮ ከኔ ትረዝሚያለሽ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ሴትዮ ጎብጣለች!"

ጀማሉዲን ቀረብ አለ። "ከሪማ፣ ምንድን ነው? ደግሞ ሌላ ጠብ ነው?"

ጣይባ አንገቷን ደፍታ ጠጠሩን ታያለች። ከሪማ ቀና ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ውሃው ለማረው ይሄዳል፣ መለሎነቷም ይመሰከርላታል። የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየች፤ መጨረሻ ላይ የጣይባን ለስላሳ አንገት አየች።

"ምን ጠብ አለ?" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "አርጅቻለሁ። ጉልበቴ አልዘረጋ ብሎኛል።"

"በስምንት ቀን?" አለ ማረው።

"በስምንት ቀን። እርጅና ሲመጣብህ አንተን ያስፈቅድሃል?"

ሰዎቹ ሳቁ። ጀማሉዲንም ሳቀ። "ተዋት ማረው፣ አሮጊት ምን አድርጊ ትላታለህ? በዚህ ይጽና" አለና ሰዓቱን አይቶ መንገዱን ቀጠለ።

አሮጊት የሚለው ቃል ፊቷን አቃጠለው። ጣይባ ቀና ብላ ልትናገር ስትል ከሪማ ቀደመቻት።

"ምን ታፈጪያለሽ? ውሃሽን አትመሪም?"

ማረው ግን አልሄደም። አካፋውን ተደግፎ ዓይኑን ጉልበቷ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ከሪማም አልተንቀሳቀሰችም፤ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ጥላዋ አሥር ጫማ እስኪሞላ እንደጎበጠች ቆየች።