ዱባይ ሹራቡን አላወለቀም

በእኛ መጋዘን ማንም በስሙ አይጠራም፤ የምንጠራራው በከተማ ነው። ነገሩን ያመጣው የፎርክሊፍት ነጂው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኩን አውጥቶ የዓለም ከተሞችን የአየር ጠባይ ሲያነብልን ቆየና፣ «እስቲ በአየሩ ብቻ አንድ አንድ ከተማ ምረጡ፤ ኪራዩንና ቪዛውን እርሱት» አለን። እሱ ሎንዶንን መረጠ። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ቢውል ደስ ይለዋል፤ ለምን ቢሉት፣ «ፀሐይ ስትወጣ አለቃ ሥራ ይታየዋል» ይላል። ሚዛን ላይ የምትሠራው ሴት ሲንጋፖርን አለች፤ ወበቅ ለቆዳ ጥሩ ነው ሲባል ሰምታለች። ቁልፍ ያዡ ጋሼ ብዙ አሰቡና፣ «ናይሮቢ ይሁንልኝ። አይሞቅ፣ አይበርድ፤ በእርጅናዬ ማንንም አልጣላ» አሉ።

እኔ ሞስኮ ነኝ። ሙቀት አልወድም። ራሴን ያዞረኛል፣ ነገረኛ ያደርገኛል፤ ነገረኛነቴ ደግሞ ያለ ሙቀትም አላነሰም። ብርድ ሲመጣ ይደረባል፤ ሙቀት ሲብስ ግን ቆዳ አይገፈፍ።

ተራው ለታናሽ ወንድሜ ሲደርስ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም።

«ዱባይ» አለ።

«በሐምሌ?» አለው ሎንዶን።

«በሐምሌ። በቀትር። አስፋልቱ ላይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱባይ ሆኖ ቀረ። እኔ እህቱ እንኳ በስሙ ስጠራው ዞር አይልም።

ወንድሜ ከልጅነቱ ብርድ አይችልም። እናታችን፣ «አጥንቱን ፈጥሮ ሥጋውን ረሳው» ትለዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ከበረዶ ክፍል ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ሥራ ሲጠፋ ተመርጦ ነው እንዴ! ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ አንጀቴ አልችል ብሎ አለቃውን ለምኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እናቴም በመጀመሪያው ቀን በር ላይ አቁማኝ፣ «ዓይንሽን ከሱ እንዳታነሺ፤ አደራ» አለችኝ።

መጋዘናችን የሚያስቀምጠው ዶሮና ዓሣ ነው። ትልቁ ክፍል ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ድረስ ይወርዳል፤ ማራገቢያው ሲነፍስ ደግሞ ፊት በመርፌ የሚወጉ ይመስላል። የሚገባ ሰው የራሱን ጃኬት ወይም ሹራብ አውልቆ ከበሩ ውጭ ያለው መስቀያ ላይ ይሰቅልና የመጋዘኑን ወፍራም ካፖርት ይለብሳል። ጋሼ ናይሮቢ ከመቆለፋቸው በፊት መስቀያውን ያያሉ። ልብስ ካለ ሰው አለ፤ ከሌለ የለም። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ ግን እንምልበት ነበር። ድሮ ጋሼ በር ላይ ቆመው ይጣሩም ነበር አሉ፤ ማራገቢያው ድምፃቸውን እየበላ ሲያስቸግራቸው ተዉት። ከውስጥ ተገፍቶ የሚከፍተው እጀታ በረዶ ከተጋገረበት ሰንብቷል። ለአለቃው ስንነግረው፣ «ይሠራል፣ ይሠራል» ይለናል። አለቃችን እንዲህ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ያለው ነገር ተሠርቶ አያውቅም።

በዚያን ቀን ከምሳ በኋላ አንድ መኪና ተጫነ። ጭነቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ግቢው ወጣ፤ እኔ ማሸጊያው ክፍል ነበርኩ። ጋሼ መስቀያውን አዩ፤ ባዶ ነው። ቆለፉና ሄዱ።

ከሥራ ስንወጣ ወንድሜን የምፈልግበት ቦታ አይጠፋኝም። ፀሐይ የሚያርፍበት የኋላው ግድግዳ ላይ እንደ እንሽላሊት ተለጥፎ ይጠብቀኛል። ሄድኩ። ፀሐዩ ግድግዳው ላይ አለ፤ እሱ የለም። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ጥሎኝ ሄደ ብዬ ቤት ስገባ የምለውን ሁሉ አሰናድቼ ጨረስኩ።

«ዱባይን አይተኸዋል?» አልኩት ሎንዶንን።

«ከሰዓት በኋላ አላየሁትም። የግቢው በር ላይ መድበውት አይደል?»

«በር ላይ ማን መደበው?»

በር ላይ ያሉት ደግሞ ጭነት ላይ ነው ብለው ነበር ያሰቡት። የወንድሜ ስልክ ላይ ደወልኩ። ጥሪው ከኋላዬ፣ ልብስ ከምንቀይርበት ክፍል፣ ከቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ መጣ።

ሮጬ ወደ በረዶው ክፍል በር ሄድኩ። መስቀያው ባዶ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ተመስገን አልኩ፤ ትንፋሼም መለስ አለ። ልዞር ስል ዓይኔ ከጎን ተደርድረው ከሚሰቀሉት ካፖርቶች ላይ አረፈ። በመካከላቸው አንድ ክፍት ቦታ አለ።

ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዱባይ ሹራቡን አላወለቀም። ሰው ለብርድ ይደርባል እንጂ ያወልቃል እንዴ? ካፖርቱን በሹራቡ ላይ ደርቦ ነው የገባው።

በሩን በቡጢ ደበደብኩ። ስሙን ጠራሁ፤ የእናቴን ልጅ፣ በእውነተኛ ስሙ። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ብረቱ ጆሮዬን አቃጠለኝ እንጂ ከማራገቢያው ጉምጉምታ በቀር የሰማሁት የለም። ሎንዶን ጋሼን ፍለጋ ወደ ውጭ በረረ፤ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።

መጠበቅ እንደዚያ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። የሥራ ደህንነት የሚያስተምረው ሰውዬ ያለን ነገር ትዝ አለኝ። በብርድ የሚሞት ሰው መጨረሻው ላይ ይሞቀዋል፤ ላብ ላብ እያለው ልብሱን ያወልቃል ብሎን ነበር። ያን ዕለት ሎንዶን፣ «እንግዲህ ዱባይ፣ አንተ ያን ጊዜ ሀገርህ ደረስክ ማለት ነው» አለና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ወንድሜም ስቋል፤ እኔም ስቄያለሁ። አሁን በሩ ላይ ግንባሬን ደግፌ፣ «አይሙቀው፤ አምላኬ፣ አይሙቀው» እያልኩ ለመንኩ።

ጋሼ እያለከለኩ መጡ።

«መስቀያው ባዶ ነበር እኮ፣ ልጄ። አይቼዋለሁ። በልጆቼ፣ አይቼዋለሁ።»

«ሹራቡን አላወለቀም፣ ጋሼ።»

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ቁልፉን ወደ ቀዳዳው ቢሰዱት፣ ቢሰዱት አልገባ አለ። ነጥቄያቸው ከፈትኩ።

ጭጋጉ ወጣብን። መጀመሪያ ያየሁት ካፖርቱን ነው፤ በሩ ሥር ተጥሏል። እጀታው ላይ ያለው በረዶ ተቧጭሯል፤ ደም ነክቶታል። ትንሽ ራቅ ብሎ ሹራቡ። ሹራቡን ሳይ ጮህኩ መሰለኝ፤ ጮኸሻል ብለው በኋላ ነገሩኝ።

በመደርደሪያዎቹ መካከል፣ በዓሣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። የሸሚዙን ቁልፎች ፈትቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ቅንድቡ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

«እትዬ» አለ፣ ምላሱ እንደ ሰካራም ተሳስሮ። «መስኮቱን ክፈቺው። ሞቀኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ፈገግታ ያስፈራኝ ነገር የለም። ላነሳው ስል ገፋኝ፤ ተዪኝ፣ ተመችቶኛል ይለኛል። ሎንዶን ከወገቡ፣ እኔ ከእግሩ ይዘን አወጣነው። ሰውነቱ ጣውላ ይመስል ነበር፤ ሰው ስትሸከመው እንደሚተጣጠፈው አልተጣጠፈም። እዚያው አጠገባችን ወዳለው ክሊኒክ በጭነት መኪናው ወሰድነው፤ ጋሼ ከኋላ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው በሙሉ ድምፃቸው ይጣሩ ነበር፤ በሩ ላይ ሊጣሩት ይገባ የነበረውን ሁሉ።

ክሊኒኩ ውስጥ እጁን ማሸት ስጀምር ነርሷ ያዘችኝ።

«አትሺው። ቀስ ብሎ ነው መሞቅ ያለበት። በድንገት ከሆነ ልቡ አይችለውም።»

በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደረበችለት፤ የሞቀ ነገር በብብቱ አስገባችለት። ከዚያ ቆማ ታየው ጀመር። እኔ እሷን አያለሁ፣ እሷ እሱን ታያለች። ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ጸጥ ያለ፣ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል።

«አሁን ተረጋጋ አይደል?» አልኳት።

«መረጋጋቱ ነው ያላማረኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰውነቱ መታገል አቁሟል። መንቀጥቀጥ ነበረበት።»

ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት። አላነሳሁትም። ምን ልላት? እንደገና ጠራ። ገልብጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ተንቀጥቀጥ አልኩት ወንድሜን በልቤ፤ ታላቅ እህትህ ስታዝዝህ እምቢ ብለህ አታውቅም፣ ተንቀጥቀጥ። ፊቱ የሰም ፊት እንደሆነ ቆየ። ጋሼ ጥጉ ላይ ኮፍያቸውን እያጣመሙ ያለ ድምፅ ያለቅሱ ነበር። እኔ ማልቀስም ፈራሁ፤ ካለቀስኩ ነገሩ የሚያልቅ መሰለኝ።

መጀመሪያ አገጩ ነው። ትንሽ ነገር፣ ሕፃን ሊያለቅስ ሲል እንደሚያደርገው። ዓይኔ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ከዚያ ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ፤ ከዚያ ትከሻው፤ ከዚያ አልጋው ራሱ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ተንኳኳ።

«መጣልን» አለች ነርሷ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ እያለች።

ስልኬ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። አነሳሁት።

«የት ቀራችሁ? ወንድምሽስ?» አለችኝ እናቴ።

«አጠገቤ ነው፣ እማዬ» አልኳት። «በርዶታል።»