በሠላሳ የተነሳው ፎቶ

ፋዲላ ናዝሬት ውስጥ ጋሼ ኃይለየሱስ ፎቶ ቤት ስትቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ጨለማው ክፍል ውስጥ ፊልም ማጠብና ፎቶ ማተም ሆነ። ካሜራ የምትይዘው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱም እዚያው ቤት ውስጥ፣ ለመታወቂያ የመጣውን ሰው በርጩማ ላይ አስቀምጣ «አይንቀሳቀሱ» ብላ። ሰውም ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃታል።

በ1977 ሐምሌ የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎች ሲሸኙ ቀበሌው ጋሼ ኃይለየሱስ ፎቶ እንዲያነሱ አዘዘ። እሳቸው ኩላሊታቸውን ታመው ተኝተዋል። እምቢ ማለት ደግሞ አይታሰብም። ፋዲላን አስጠርተው ካሜራውን እጇ ላይ አደረጉ።

«ለቆመ ሰው ስድሳ ይበቃል» አሏት፣ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ቁጥር እያሳዩ። «የሚንቀሳቀስ ካየሽ ግን ይቺን ቁጥር ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ አዙሪያት። ክርንሽን ጎንሽ ላይ አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን ያዢ።»

«ደመና ከሆነስ ጋሼ? አይጨልምም?»

«ይጨልም። የጨለመውን ስናትም እንታገለዋለን። የተንቀሳቀሰውን ግን ማንም አይመልሰውም።»

ምልምሎቹ ወደሚሸኙበት ሜዳ ስትሄድ ጎረቤቷ እትዬ የሺዓለም መንገድ ላይ ጠበቋት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከዓለም ጤና ሽንኩርት እያመጡ በመሸጥ አንድ ልጃቸውን አብተውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። አብተው ከሦስት ቀን በፊት ከወለንጪቲ ገበያ ሲመለስ በአፈሳ ተይዟል። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ፋዲዬ፣ ልጄን አንሺልኝ» አሉ። «ከክርስትናው ፎቶ በቀር የለኝም። የመታወቂያውንም ኪሱ ውስጥ እንደያዘው ነው የወሰዱት።»

«አነሳዋለሁ እትዬ፣ አያስቡ።»

ሜዳው ላይ ደመናው ከብዶ ያካፋ ነበር። ባለሥልጣኖቹ ድንኳን ሥር፣ መድረክ ላይ ተደርድረዋል። ፋዲላ የድንኳኑን ጥላ ስታይ ፈራች። ፎቶው ቢጨልም የሚጠየቁት ጋሼ ናቸው። ብርሃን በደንብ እንዲገባ ቁጥሩን ሠላሳ ላይ አዞረችው። የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፋ፣ ሰዎቹ ግራ እጃቸውን አንስተው መፈክር ሲያሰሙ ስድስት ጊዜ አነሳቻቸው። እጃቸውን እንዳነሱ ድርቅ ብለው ቆዩላት።

ወዲያው ምልምሎቹን የጫኑት ኦራል መኪናዎች ተነሱ። ሕዝቡ ጮኸ። «ያውና! ያውና ፋዲዬ!» አሉ እትዬ የሺዓለም። አብተው ሦስተኛው ኦራል ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የመኪናውን ብረት ይዞ በሰው መሃል እናቱን ይፈልጋል። ሲያያቸው ሌላውን እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ አወዛወዘ። «እማ!» አለ። ፋዲላ ከመኪናው ጎን እየሮጠች ሦስት ጊዜ አነሳችው። ኦራሉ ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ ካሜራውን አወረደችና ቁጥሩን አየችው። ሠላሳ።

ከሰዓት ጨለማው ክፍል ገብታ ፊልሙን አጠበች። የባለሥልጣኖቹ የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይለያል። ኦራሉ ግን ግራጫ ጭረት ነው። የልጁ ፊት በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ይመስል አይን የለው፣ አፍንጫ የለው፤ ከላዩ እጁ እንደ ጭስ ተዘርግቷል። ሦስቱም እንደዚያው ናቸው። አትማ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው።

ቀበሌው የመድረኩን ፎቶ ወደደው። በትልቁ አሳትሞ ሰቀለው።

እትዬ የሺዓለም በማግስቱ መጡ።

«ፊልሙ ተቃጠለ እትዬ» አለቻቸው ፋዲላ። «ብርሃን ገብቶበት።»

«ይሁን። ሲመለስ ታነሺዋለሽ» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ፋዲላ ጠዋት ጠዋት፣ ፎቶ ቤቱ ሳይከፈት፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ እየቆመች የሚሮጥ ጋሪ ፎቶ ማንሳት ጀመረች። መርዳሳ የሚባል ባለጋሪ ያውቃታል። «አከም ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ? ዛሬም ፈረሴን ልታበላሺ ነው?» ይላታል። የመጀመሪያውን ፎቶ ስታሳየው «እግሩ የት ሄደ?» ብሎ ስቆባት ነበር። አንዱን ቀን በመቶ ሃያ አምስት፣ ሌላውን በሁለት መቶ ሃምሳ ሞከረች፤ ካሜራውን ከፈረሱ ጋር እኩል ማዞርም ለመደች። በዓመቱ የመርዳሳ አለንጋ አየር ላይ እንዳለ ጠርቶ ወጣላት። ጋሼ ኃይለየሱስ «አሁን ፎቶ አንሺ ሆንሽ» አሏት። እሷ ግን ወደ መሳቢያው አየች።

በ1979 ጥር የአብተው መርዶ በቀበሌ በኩል መጣ።

ፋዲላ ሦስቱን ፎቶዎች ከመሳቢያው አውጥታ ለቅሶ ቤት ሄደች። እትዬ የሺዓለም ፍራሽ ላይ ተቀምጠው የክርስትናውን ፎቶ፣ በነጭ የተጠቀለለውን ሕፃን፣ ታቅፈዋል። አጠገባቸው ተንበርክካ አቀበለቻቸው። የላይኛውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«መቼ የተነሳ ነው?»

«የሄደ ቀን።»

«ተቃጠለ ብለሽኝ አልነበር?»

«አፍሬ ነው እትዬ። ፊቱ አይለይም።»

«እኔ ፊቱ ጠፋኝ አልኩሽ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ይኸው እጁ። ይኸው አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ፣ እኔን ሲፈልግ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ባዶ ግድግዳ ሳይ ኖሬ፣ አንቺ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽብኛል።»



ከአርሲ ነገሌ የመጣች ዘመዳቸው ፎቶውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገችው። «ምነው እንዲህ ሆነ? ማን ነው ያነሳው?» አለች።

«አላውቃትም» አሉ እትዬ የሺዓለም።

ፋዲላ ተነስታ ወጣች። ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ለቅሶው እስኪያበቃ ሦስቱንም ቀን ውሃ ቀዳች፣ ወንበር አመላለሰች፣ ለለቀስተኛው ቆሎ አዞረች። እትዬ የሺዓለም ቆሎውን ከእጇ እየተቀበሉ አንድም ቀን ቀና ብለው አላዩአትም።