ባታሳና ፔሪን ባይ

እናቴ ከሞተች በኋላ ባለቤቴ ሻራዩ ከቤት መውጣት ተወች። እናቴ አልጋ ላይ በዋለችባቸው ዓመታት ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ያገላበጠቻት እሷ ነበረች። እኔማ የመንግሥት አውቶቡስ ይዤ ከፑኔ ኮልሃፑር፣ ከኮልሃፑር ፑኔ ስመላለስ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስገባ የጠበቀኝ ጭር ያለ ቤትና ስፌት መኪናዋ ፊት ሳትሰፋ የምትቀመጥ ሴት ነበረች። የሰፈር ሴቶች እንድትሰፋላቸው ያመጡት ጨርቅ ወንበር ላይ ተከምሮ አቧራ ይጠጣል። "ምን ሆነሻል?" ስላት "ምንም" ትለኛለች። ሰው ሲንከባከብ የኖረ እጅ የሚያነሳውና የሚጥለው ሲያጣ እንዲህ እንደሚያደርገው ያኔ አልገባኝም ነበር።

አንድ ጠዋት ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። ፊቷ ግን ስትወጣ የነበረው ፊት አይደለም።

"አንዲት ፓርሲ አሮጊት አየሁ" አለችኝ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። "መዓት ውሻ በአንድ እጃቸው ይዘው ይሄዳሉ። ውሾቹ ርዝመታቸው እንዲህ ነው" ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ "ከፍታቸው ደግሞ እንዲህ" ብላ ከወለሉ ስንዝር ታህል አሳየችኝ።

"ሽንኩርቱስ?"

"ተከትያቸው ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ወልዳ ወልዳ የደከመች አንዲት ውሻ አለች፣ ቤት እንፈልግላታለን አሉኝ። እናምጣት?"

"ውሻ ካማረሽ ውሻ የሚባል ውሻ ይፈለግልሽ" አልኳት። "ዳሽሁንድ የሚሉት ይሄ ነገር እኮ እግሩ ሳይገጠምለት ከፋብሪካ የወጣ ነው።"

"እርስዎም አንገት ሳይገጠምልዎ ነው የወጡት፤ እኔ መቼ ተናገርኩ?" አለችኝ።

ስትቀልድ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ! እሺ ያልኩት በዚህ ነው እንጂ በውሻው አይደለም።

አሮጊቷ፣ ፔሪን ባይ፣ ግን ውሻ እንደዋዛ የሚሰጡ ሴት አልነበሩም። መጀመሪያ ቤታችንን ሊያዩ መጡ። ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ አጭር ናቸው፤ የወንድ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ድምፃቸው የጭነት መኪና ጥሩንባ ነው። ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ኩሽናውን፣ በረንዳውን፣ ከአልጋችን ሥር ሳይቀር አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ትጮሃለህ አይደል?"

"አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ፣ ፔሪን ባይ። በሕንድ አገር ሳይጮህ የነዳ አለ?"

"እዚህ ቤት ውስጥ አውቶቡስ አይታየኝም፣ ዲክራ። ከጮህክባት ውሻዋንም እወስዳለሁ፣ ሚስትህንም እወስዳለሁ።"

ዲክራ በእነሱ፣ በጥንት ጊዜ ከፋርስ በመጡት እሳት አክባሪ ፓርሲዎች አፍ፣ ልጄ ማለት ነው። ሕፃኑንም እንደ እኔ ያለውን ሽበታምም የሚጠሩት እንዲያ ብለው ነበር። ውሾቻቸውን ደግሞ የሚሰይሙት በካምፕ ሰፈር ዳቦ ቤቶች በሚሸጡት ብስኩቶች ነው። ለእኛ የደረሰችን ባታሳ ትባላለች፤ ሻይ ካልነካው የሚፈረፈር ደረቅ ብስኩት ማለት ነው። ጥቁር ናት፤ ጡቷ ከመውለድ ብዛት ተንዘላዝሎ መሬት ይነካል፤ ያላት ሥጋ እሱ ብቻ ነው።

እንዴት እንዳዳኗት እሳቸው አልነገሩንም። በኋላ የነገረኝ የወንድማቸው ልጅ ከርሲ ነው። ቡችላ እያስወለደ የሚሸጠው ሰውዬ "ንብረቴን አልሰጥም" ሲላቸው ወንበር አስመጥተው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ቡችላ ሊገዛ የሚመጣው ሁሉ "እኚህ ሴትዮ ምን ሆነው ነው?" ሲል፣ ውስጥ በሽቦ ሳጥን ስለታሰሩት እናቶች አንድ በአንድ ያስረዱታል። ገዢው ይመለሳል። አመሻሽ ላይ ሰውዬው ባታሳን በካርቶን አድርጎ እግራቸው ሥር ጣላት፤ እሳቸውም "ወንበሩን ነገ መልሼ አመጣዋለሁ፤ ሌሎቹን አዘጋጅልኝ" ብለውት ሄዱ። እውነትም ተመልሰው ሄዱ።

ባታሳ እኛ ቤት እንደገባች ስፌት መኪናው ሥር ገባች፤ ከዚያ ወዲያ መውጣት የለም። ሻራዩ ምግቧን ተንበርክካ ታቀርብላታለች። እኔ ስራመድ ከሰማች ሽንቷ ያመልጣታል። ቡችላ ሻጩ ሰውዬ በእግሩ ነበር አሉ የሚያነጋግራት። ሻራዩ አጠገቧ ለመሆን ብላ መኪናዋ ፊት ትቀመጣለች፤ ተቀምጦ መዋል ሲሰለቻት ከተከመረው ጨርቅ አንዱን ሳበች፤ ውሻዋ እንዳትደነግጥ ፔዳሉን ዝግ አድርጋ መስፋት ጀመረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ጎረቤት አዲስ ጨርቅ ማምጣት ጀመረ። እኔ ብቻ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በእግር ጣቴ የምሄድ ሆንኩ።

ሆድ ቢብሰኝ ፔሪን ባይ ዘንድ ደወልኩ። "ጠላችኝ" አልኳቸው።

"አንተን መቼ አወቀችህና ትጠላሃለች? የምታውቀው እግር ነው። አንተ ስትመጣ ለእሷ ሰው አልመጣም፤ እግር መጣ። መሬት ቁጭ በል፣ ፊትህን ትይ።"

"ጉልበቴን ያመኛል።"

"ጉልበትህ ምን አባቱ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ እየተቀመጥኩ። ደግሞ አትጥራት። አትያት። የራስህን ሥራ ሥራ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወለል ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ አነብባለሁ። ዝናቡ ገባ፤ አልመጣችም። ዝናቡ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን፣ የስፖርቱን ገጽ ስገልጥ የሆነ ለስላሳ ነገር ቅልጥሜ ላይ አረፈ። አገጯ ነው። እግሬ ደነዘዘ፤ አልተነቃነቅኩም። ሻራዩ ሻይ ይዛ ከኩሽና ብቅ አለች፤ አየችን፤ ሻዩን መሬት አስቀምጣልኝ ተመለሰች። ኩሽና ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ግን ተነስቼ ልሄድ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ጣፋጭ ይዘን፣ ሻራዩ የሰፋችውንም ሸሚዝ ጠቅልለን ልናመሰግናቸው ሄድን። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር። ሚስቴ እንደገና ትስቃለች፤ ደንበኞቿን ትሰድባለች፤ ማታ እንቅልፍ ይወስዳታል። ይህን እንዴት ብሎ ይናገሩታል? ገና "ፔሪን ባይ፣ እኛ እኮ…" ከማለቴ እጃቸውን አነሱ።

"ተወኝ። ምስጋና የሚቀመጥበት ቦታ እዚህ ቤት የለም፤ ወንበሩን ሁሉ ውሻ ይዞታል። ደግ ከሆናችሁ ይልቅ ይሄን ሽማግሌ ውሰዱልኝ" ብለው ወገቡን የሚያመውን ቡናማ ውሻ፣ ባክራን፣ እቅፌ ውስጥ አስቀመጡት። ልናመሰግን ሄደን ሌላ ውሻ ይዘን ተመለስን። ደረጃውን ስወጣ ሻራዩ ከኋላዬ "ደግመን ካመሰገንናቸው ቤት መቀየራችን ነው" እያለች ትስቃለች።

ፔሪን ባይ የሞቱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ማታ ውሾቻቸውን አብልተው ተኙ፤ ጠዋት አልተነሱም። ከርሲ ከሙምባይ ደርሶ ስልክ ደወለልን።

"ያሽዋንት ጂ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። በእኛ ሥርዓት ሟች ከመሸኘቱ በፊት ውሻ ፊቱን ማየት አለበት። የመሸኛው ቦታ ውሻ አርጅታ ሞታለች። ቄሱ ደግሞ ከዓይኗ በላይ ሁለት ነጥብ ያላት፣ አራት ዓይን የምንላት ብትገኝ ደስ ይለኛል አሉ። አክስቴ ቤት ያሉት ሁሉም ቡናማ ናቸው።"

ባታሳን አየኋት። ከጥቁሩ ግንባሯ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ዓይኗ በላይ፣ ጣት ነክሮ ያተመው የሚመስል ወርቃማ ነጥብ አለ። ስንት ጊዜ አሽቼዋለሁ።

"እናመጣታለን" አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ፓርሲ ያልሆነ ሰው አስከሬኑ ካለበት አዳራሽ አይገባም፤ ገመዷን ለማታውቀው ወንድ መስጠታችን ነው።

ቦታው ዛፍ የሞላበት ኮረብታ ነው። እኛንና ሌሎቹን እንግዶች ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ዳስ ውስጥ አስቀመጡን። አስከሬን ተሸካሚው ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ የደከመ፣ ደግ ሰው። ገመዷን ሲቀበለኝ ባታሳ ድንጋዩ ላይ ተነጠፈች። ዓይኗ ነጭ ጫማው ላይ ተተክሎ ቀረ፤ መላ ገላዋ ይርገፈገፋል። ሳብ ሲያደርጋት ድሮ ስፌት መኪናው ሥር ሆና የምታሰማው ማጉረምረም ተሰማ። አዳራሹ በር ላይ ቄሶቹ ቆመው ይጠብቃሉ።

"ወንድሜ፣ አይጎትቷት" አልኩት። "እባክዎ ቁጭ ይበሉ።"

"የት?"

"እዚሁ መሬት ላይ።"

ልብሱን አየ፣ ቄሶቹን አየ። "ሥርዓቱ ሊጀመር ነው እኮ፣ ጌታዬ።"

ሻራዩ ተነስታ መጣችና ጭራሽ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። "እግር ነው የሚያስፈራት" አለችው፤ "ፊትዎን ትይ። ለፔሪን ባይ ብለው።"

ሰውዬው ተቀመጠ። ከዛፎቹ ቅጠል ይረግፋል፤ ዳሱ ውስጥ አንድ ሰው አሳለ። ተሸካሚው አይዩዋት ስለው ወደ ዛፎቹ እያየ ጠበቀ። ባታሳ አንገቷን ቀና አደረገች። ጉልበቱን አሸተተች፤ የተጠቀለለ እጁን አሸተተች፤ ከዚያ ብድግ ብላ ራሷን አራገፈች። እሱም ቀስ ብሎ ተነሳ። አብረው ሄዱ። የአዳራሹ ደረጃ ለእግሯ ከፍ ይላል፤ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እሷ ዘላ ወጣች። ጅራቷ ከበሩ ውስጥ ሲጠፋ ሻራዩ ክንዴን ጨበጠችኝ።

እዚያ ተቀምጬ ለፔሪን ባይ ልነግራቸው የነበረውን ሁሉ አሰብኩ። እጃቸውን እያነሱ ዝም ያሰኙኝ ነገር አሁን የሚከለክለው የለም፤ የሚሰማውም የለም። ደግሞስ ሰምተውኝ ቢሆን ምን ይጨምርላቸው ነበር? እሳቸው ዘንድ ሥራው ነበር የሚታየው። ግን ለእኔ ይጨምርልኝ ነበር። ሰው ያደረገልህን ነገር ሳትናገር ስትቀር ነገሩ ሆድህ ውስጥ እንደ ዕቃ ቦታ ይይዛል።

ተሸካሚው ባታሳን ይዞ ሲወጣ ላብ በላብ ሆኗል። ገመዷን ለሻራዩ ሰጣት።

"እንዴት ሆነች?" አለችው።

"ፊታቸውን አየች" አለ። "ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ እንደገና እሳቸውን። ሌላው ውሻ አንዴ አይቶ ዞር ነው የሚለው። ይቺ የማይነሱት ለምን እንደሆነ የምትጠይቅ ትመስላለች።" ወዲያው "እኔ እንጃ፣ ውሻ ምን እንደሚያስብ የሚያውቅ የለም" አለ። ልብሱ ላይ የተነካካውን አፈር ሳያራግፍ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሲያልቅ ነው ዳሱ ውስጥ የነበርነው ሰዎች እርስ በርስ የተያየነው። አንዷ ሐኪም ናት፣ አንዱ አትክልት ነጋዴ ነው፣ አንዱ ገና ተማሪ ነው፤ ብዙዎቹ እንደኛው ከፔሪን ባይ ውሻ የወሰዱ ናቸው። አንተዋወቅም ነበር። አትክልት ነጋዴው "የኔዋ ናንካታይ ናት" አለ፤ ሐኪሟ "የኔ ካሪ" አለች፤ ስም ስንጠራ የዳቦ ቤት መስኮት ፊት የቆምን መሰልን፤ በለቅሶ ቦታ ሳቅ አመለጠን። ከርሲ የሙምባዩ ክፍሉ አንድም ውሻ እንደማይችል ሲነግረን እዚያው ቆመን ቤታቸው የቀሩትን ውሾች ተከፋፈልናቸው። ለእኛ አልደረሰንም፤ ደረጃው ላይ ተሸክመን የምናወጣው ባክራ አለንና ተዉን።

እንዲያም ሆኖ ሰው ሻራዩ ዘንድ መደወል ጀመረ። ቁጥሯን ማን እንደሰጣቸው አላውቅም። ባለፈው ወር ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የጡብ ፋብሪካ ዘበኛው ደወለ፤ "አንዲት ረጅም፣ እግሯ አጭር ውሻ በር ላይ ታስራ ተጥላለች፣ የሚቀርባትን ሁሉ ትነክሳለች" አለ። በባለ ሦስት እግር ሪክሾ ሄድን። ቀይ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ከነገመዷ ከጡብ ክምር ሥር የተወሸቀች ናት። እኔ ጉልበቴን ይዤ መሬት ስወርድ ዘበኛው "ጌታዬ፣ ዕቃ ጠፋብዎ?" አለኝ።

ሻራዩ "ዝም ብለህ እየው" አለችው።

ብዙ ቆየን። በመጨረሻ መጣችና አውራ ጣቴን አሸተተችኝ፤ ከዚያ ነከሰችኝ። አልጮህኩም፤ ፔሪን ባይን ፈርቼ ነው እንጂ ጀግኜ አይደለም። ሻራዩ ከሳሪዋ ጫፍ ቀድዳ ጣቴን አሰረችልኝ። "ሐኪም ቤት እንሂድ፣ መርፌ ያስፈልግዎታል" አለችኝ።

"እሷስ?"

"እሷማ ነክሳ ጨርሳለች፤ አሁን ርቧት ይሆናል" አለችና ቦርሳዋን ከፍታ ዳቦ ማውጣት ጀመረች።